የወሎ ውሃ መቼ ይፈላል?

ደሴ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። በዝንብ ዓሣ ማጥመድ የጀመርኩትም በመርፌና በክር በኩል ነው። ከዓመታት በፊት አንድ የውጭ አገር ሰው የተተረተረ ቦርሳውን ሊያሰፋ ሱቄ መጣ። ቦርሳው ውስጥ አንዲት የቆርቆሮ ሳጥን ነበረች። ሲከፍታት በላባ፣ በፀጉርና በክር የተሠሩ፣ ከስንዴ ቅንጣት እምብዛም የማይበልጡ ዝንቦች ተደርድረውባታል፤ በእያንዳንዷ ሆድ ሥር መንጠቆ አለ። አንዷን አንስቼ በማጉያ መነጽር አየኋትና «ክሩ ጥሩ ተጠምጥሟል፣ ቋጠሮው ግን የሰነፍ ነው» አልኩት። ሳቀ። በኋላ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ ዘንጉን፣ ክሩንና በላስቲክ የተሸፈነ አንድ ሰንጠረዥ ትቶልኝ ሄደ።

መዘዙ የመጣው ከሰንጠረዡ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በተለመደው አጠማመድ መንጠቆው ላይ ትል ወይም ሊጥ ይሰካል፤ ወደ ውሃው የሚያደርሰው የብረት ክብደት ነው። በዝንብ ሲጠመድ ግን ዝንቧ ክብደት የላትም። ከባድ ተደርጎ የተሠራው ክሩ ራሱ ነው፤ የሚወረወረውም እሱ ነው፤ ዝንቧ ተከትላው ትሄዳለች። ስለዚህ ዓሣውን የሚያመጣው ሽታም ጣዕምም ሳይሆን መልኳ ብቻ ነው። ዓሣ ደግሞ አፉን የሚከፍተው ዛሬ ሲበላው የዋለውን ለሚመስል ነገር ነው። ዛሬ ከውሃው ምን እየወጣ እንደሆነ ካላወቃችሁ ዘንግ ይዛችሁ መሄዳችሁ ለሽርሽር ይሆናል።

የውጭ አጥማጆች ነፍሳቱ ክንፍ አውጥተው ከውሃ የሚወጡበትን ጊዜ «ሃች» ይሉታል፤ እንቁላል ሲፈለፈል የሚሉትም በዚሁ ቃል ነው። እኔ ግን የእኛው ቃል የተሻለ ሆኖ አገኘሁት። «እንደ አሸን ፈላ» እንላለን አይደል? በዝናብ ማግስት ከመሬት ውስጥ ክንፍ አውጥቶ የሚግተለተለውን ያየ ሰው «ፈላ» ማለት ምን እንደሆነ ይገባዋል። በወንዝም የሚሆነው ይኸው ነው። ስለዚህ በደብተሬ ላይ የምጽፈው «ፈላ» ወይም «አልፈላም» ብዬ ነው።

ወደ ሰንጠረዡ ልመለስ። በግራ የነፍሳቱ ስም፣ ከላይ ወራቱ ሰፍረውበታል። ወራቱን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሼ ከቀሚስ ሥዕሎቹ አጠገብ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ግንቦት በደማቅ ቀለም ተሞልቷል፤ እንዲያውም ከነፍሳቱ አንዱ ስሙ የወጣለት ከዚያው ከፈረንጆቹ ሜይ ወር ነው። እኔም በዓመቱ ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል ሱቄን ዘግቼ ወደ ሚሌ ወረድኩ። ውሃው የጠላ አተላ መስሎ ይጋልባል። የበልግ ዝናብ ነዋ! ከዚያ በኋላም አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ ሰንጠረዥ ተመርቼ ያጠመድኩት ዓሣ በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠር ነው።

ምክንያቱ የገባኝ ዘግይቶ ነው። እነሱ ዘንድ ወንዝን የሚያዘው ሙቀት ነው፦ በረዶ ይቀልጣል፣ ቀኑ በብዙ ሰዓት ይረዝማል፣ ውሃው ይሞቃል፣ ዓመት ሙሉ ሲያድጉ የከረሙት ነፍሳት በተመሳሳይ ሳምንት ይወጣሉ። ወሎ ከምድር ወገብ ወደ 11 ዲግሪ ብቻ ርቆ የተቀመጠ አገር ነው። የዓመቱ ረጅም ቀንና አጭር ቀን የሚበላለጡት በአንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። እዚህ ብዙዎቹ ትናንሽ ነፍሳት ዓመት አይጠብቁም፤ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት አድገው ይወጣሉ፣ ይራባሉ፣ ልጆቻቸውም ከእነሱ ጋር ተደራርበው ያድጋሉ። ስለዚህ ፈጽሞ የማይፈላበት ወር የለም ማለት ይቻላል። ብዛቱን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ዝናብ ነው። ጎርፍ ድንጋዩን ያንከባልላል፣ ከሥሩ ያለውን ጠርጎ ይወስዳል፤ ጎርፉ ሲያባራ ሕይወት እንደገና ይጀምራል። የእኛ ሰንጠረዥ መነሻው በልግና ክረምት ነው። ያንን ደግሞ ማንም ጽፎ አይሰጣችሁም፤ ለየወንዛችሁ ራሳችሁ ትጽፉታላችሁ።

እንዴት? በድንጋይ ትጀምራላችሁ።

እኔ የምሄደው ተሁለደሬ ውስጥ ከሱሉላ በላይ ወዳሉት የሚሌ መነሻ ውሃዎች፣ ከኩታበር በኩል ወደሚመጣው የቦርከና ላይኛው ክፍልና ስሙም ሐይቅ ወደሆነው ሐይቅ ነው። የትም ሂዱ፣ በወንዝ ላይ የምትፈልጉት ቦታ አንድ ዓይነት ነው፦ ውሃው ከጉልበት የማይዘልቅ፣ በድንጋዮች መካከል እየተንጫጫ የሚወርድበት። የተኛና የጠለቀ ኩሬ ዓሣው የሚያርፍበት ነው፤ ምግቡ የሚያድገው ግን በሚንጫጫው ውሃ ውስጥ ነው። የዳቦ ያህል ድንጋይ ቀስ ብላችሁ አንሡና ሆዱን ወደ ላይ ገልብጡት። መጀመሪያ ምንም አይታያችሁም። ታገሡ። እስከ ሠላሳ ስትቆጥሩ ድንጋዩ መንቀሳቀስ ይጀምራል።

ያገኛችሁትን ውሃ ባለበት ነጭ ሳህን ውስጥ አራግፉት። ነጭ ያልኩት በምክንያት ነው፤ ቡናማ ነፍሳት በቡናማ ዕቃ ውስጥ አይታይም። እኔ የያዝኩት ከባለቤቴ ጓዳ የወሰድኩትን የብረት ሳህን ነው። «ታጥቦ ይመለሳል» ብዬ ነበር የወሰድኩት።

ድንጋይ አንድ በአንድ ማንሣት ሲሰለቻችሁ መረብ ሥሩ። ከሙሽራ ቬሎ የተረፈኝን ስስ መረብማ ጨርቅ አንድ ክንድ ያህል ቆርጬ በሁለት ዱላ መካከል ሰፋሁት። አንድ ሰው መረቡን ከታች ይይዛል፣ ሌላው ከላይ ቆሞ ድንጋዩን በእግሩ ያነቃንቃል፤ የተነቀለው ሁሉ ወደ መረቡ ይወርዳል። አንዳንድ ልጆች አጎበር ቆርጠው ሲሠሩ አይቻለሁ። ተዉ። አጎበር የሚነከርበት መድኃኒት የወባ ትንኝን ብቻ መርጦ አይገድልም፤ የውሃውንም ነፍሳት ዓሣውንም ይጎዳል። አጎበር አልጋ ላይ ይዋል።

ሁለት ማሳሰቢያ፣ ከዚያ እንቀጥላለን። ከድንጋይ ሥር አልቅት አለ፤ ወንዙ ዳር ተደፍታችሁ ውሃ አትጠጡ። ከዚያ የሚከፋው ቢልሃርዝያ ነው፤ በሐይቁ ዙሪያና በኮምቦልቻ አካባቢ ያለ በሽታ ነው፣ ቀንድ አውጣ ካለበት ረጋ ያለ ውሃ በባዶ እግር ለሚቆም ሰው ይተላለፋል። የጎማ ቦቲ ግዙ። ደራሽ ውሃን ደግሞ ለወሎ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ እናንተ ያላችሁበት ሰማይ ጠርቶ ተራራው ላይ ከጠቆረ ዕቃችሁን ሰብስባችሁ ውጡ።

አሁን ሳህኑን እንይ። ሰዎች እዚህ ላይ ነው ተስፋ የሚቆርጡት፤ «ሁሉም ትል ነው» ይላሉ። መድኃኒቱ ስም ማውጣት ነው። የላቲን ስማቸውን ማወቅ ለዓሣው ምኑም አይደለም፤ እናንተ ግን ስም ያላወጣችሁለትን ነገር በሚቀጥለው ሳምንት አታስታውሱትም። የእኔን ስሞች ልስጣችሁ፤ ካልጣማችሁ የራሳችሁን አውጡ።

የመጀመሪያው «ነጠላ ለባሽ» ነው፤ ያ በሜይ ወር የተሰየመው። በውሃ ውስጥ ሳለ ጠፍጣፋ ወይም ቀጠን ያለ ነው፣ ከኋላው ሁለት ወይም ሦስት ክር የመሰለ ጭራ አለው፣ በሆዱ ግራና ቀኝ ደግሞ ላባ የመሰሉ መተንፈሻዎች ይርገበገባሉ። ሲያድግ ወደ ውሃው ገጽ ይወጣና ቆዳውን ሰንጥቆ፣ ክንፉን እንደ ነጠላ ወደ ላይ አቁሞ በጅረቱ ላይ እየተንሳፈፈ ይወርዳል። ዓሣው የሚጠብቀው ይህችን ደቂቃ ነው። የሚገርመው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ቁጥቋጦ ላይ ያርፍና አንድ ጊዜ ደግሞ ቆዳውን ያወልቃል። ክንፍ ካወጣ በኋላ ልብስ የሚቀይር ነፍሳት እሱ ብቻ ነው። መጀመሪያ የደፈረሰ ግራጫ የነበረው ክንፍ አሁን እንደ መስታወት ይጠራል። የሚበላበት አፍ የለውም፤ በሰዓታት ወይም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ተጋብቶ፣ እንቁላሉን ጥሎ፣ ውሃው ላይ ተዘርግቶ ይሞታል። ስለዚህ አንዱ ነፍሳት ሦስት ዓይነት ዝንብ ያሠራችኋል፦ ከውሃ በታች ያለው፣ ግራጫው፣ የሞተው።

ሁለተኛው የሙያ ባልደረባዬ ነው፤ «ልብስ ሰፊው» ብዬዋለሁ። ከአፉ በሚያወጣው ሐር አሸዋና የቅጠል ስባሪ እየሰፋ ቀሚስ ይሠራል፣ ቀሚሱን ለብሶ ይሄዳል። አንዳንዱ ወገኑ ቀሚስ አይሠራም፤ በድንጋዮች መካከል መረብ ዘርግቶ ጅረቱ የሚያመጣለትን ይለቅማል። የልብስ ሰፊውን ስፌት በማጉያ መነጽር ሳየው አፍሬያለሁ። ክንፍ ሲያወጣ የእሳት እራትን ይመስላል፤ ክንፉን በጀርባው ላይ እንደ ድንኳን ይከድናል። ማምሻ ላይ ከውሃው ወለል በላይ እየዘለለ ሲበር ካያችሁ እሱ ነው።

ሦስተኛው ትንኝ ነው። የሚነክሰውን ማለቴ አይደለም፤ በሐይቁ ዳር ማምሻውን እንደ ጭስ የሚቆመውን እንጂ። ልጁ ቀይ ትል ነው፤ ደሙ እንደኛ ደም አየር የሚይዝ ቀይ ነገር ስላለው አየር በሌለው ጭቃ ውስጥም ይኖራል። ይህ ለሌላ ነገርም ይጠቅማችኋል። ከከተማ በታች ባለ ወንዝ ድንጋይ ገልብጣችሁ ከቀይ ትል በቀር ሌላ ካላገኛችሁ፣ ነጠላ ለባሹና ልብስ ሰፊው ከጠፉ፣ ውሃው ታሟል ማለት ነው። ቦርከናን በዚህ መንገድ ከላይ ወደ ታች ተከትያለሁ። ከደሴ በላይ ሳህኔ ይሞላል። ከደሴ በታች የማነሣው ሳህን ባዶ ነው፤ ልቤም ባዶ ሆኖ ይመለሳል። የከተማው ቆሻሻ የት እንደሚሄድ የምናውቀው እኛው ነን።

አራተኛው እኛ ልጆች ሳለን «ሄሊኮፕተር» የምንለው፣ በአራት ክንፉ ባለበት ቆሞ የሚንሳፈፈው ነው። ልጁ በውሃ ውስጥ ያገኘውን የሚበላ አውሬ ነው፤ ከንፈሩን እንደ ክንድ ዘርግቶ ይይዛል። ከሸምበቆ ላይ ተሰንጥቆ የቀረ ባዶ ቆዳውን ካገኛችሁ ወጥቷል ማለት ነው። እሱን የምትመስል ዝንብ ብዙ አልሠራም።

በፈረንጆቹ ሰንጠረዥ ትልቅ ቦታ የተሰጠው፣ በድንጋይ የተሰየመ ሌላ ነፍሳትም አለ። በእኔ ሳህን ግን አንድም ቀን ገብቶ አያውቅም። ለእሱ ብዬ ያሠርኳቸው ሃያ ዝንቦች ዛሬም በሳጥናቸው አሉ፤ የሚገዛኝ ካለ በርካሽ እሸጣለሁ።

ድንጋዩን ስትጨርሱ ወደ ነበረበት፣ በነበረበት ፊት መልሱት። የተገለበጠ ድንጋይ ቤቱ የፈረሰበት መንደር ነው።

ድንጋይ ነገ የሚወጣውን ይነግራችኋል። ትናንት የወጣውን የሚነግራችሁ ሸረሪት ነው። በድልድይ ሥርና ወንዙ ላይ ባዘነበሉ ቁጥቋጦዎች መካከል ድሩን ፈልጉ፤ የሰሞኑ ሁሉ ተመዝግቦ ተሰቅሏል። እንደ ሸረሪት የታመነ ጸሐፊ አላየሁም።

የመብራቱን ብልሃት ያገኘሁት ሐይቅ ዳር ነው። አንድ ሽማግሌ መረብ ጣይ አሉ፤ አባባ እላቸዋለሁ። ውሃው ላይ አፍጥጬ ሲያዩኝ «አንተ ልጅ፣ ውሃውን ምን ታየዋለህ? መብራቱ ላይ የሚረባረበውን እይ እንጂ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ከዚያ ወዲህ ነጭ አቡጀዲ ይዤ እሄዳለሁ። በሁለት ዛፎች መካከል ወጥሬ ከኋላው የባትሪ መብራት አበራለሁ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለችው የመጀመሪያዋ ሰዓት፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተኩል፣ ከሌሊቱ ሁሉ ትበልጣለች። አቡጀዲው ላይ ያረፈውን በስፌት ሜትሬ ሚሊሜትሩን እለካለሁ።

ስለ ሐይቅ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ይሳሳትበታልና። ሐይቁ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለ፣ ከ80 ሜትር በላይ የሚጠልቅ፣ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የሌለው ውሃ ነው። ገበያ የምናየው ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ የተጨመረበት ነው። ትልቁ ቆሮሶ ደግሞ በአብዛኛው የሚበላው አረንጓዴውን ደቃቅ አልጌ ነው፤ ነፍሳት የሚወዱት ልጆቹ ናቸው። ስለዚህ ትልቅ ቆሮሶ በዝንብ ካልመጣላችሁ በእናንተ ስንፍና ብቻ አይደለም። እኔ ሐይቅ የምወርደው ወንዙ ሲደፈርስ ነው፤ በንጋት፣ ነፋሱ ሳይነሣ፣ ትንኟን የምትመስል ጥቁር ደቃቅ ዝንብ ይዤ። በዝንብ ለማጥመድ የተፈጠረው የወንዙ ነጭ ዓሣ ነው፤ ነፍሳት ይበላል፣ ሲያዝም ይታገላል። ከመጀመራችሁ በፊት ግን የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ ሐይቅ ላይ ደግሞ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም አካባቢ ዘንግ ይዛችሁ አትጠጉ፤ ነውር ነው።

ደብተሩን ዛሬ ጀምሩት። ባለ 50 ቅጠል የተማሪ ደብተር ይበቃል። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር፣ ጨረቃዋ ስንተኛ ቀኗ እንደሆነ፣ የውሃውን ቀለም፣ የውሃውን ሙቀት፣ ከዚያ በፊት የዘነበበትን ቀን፣ የነፍሳቱን ስም፣ ርዝመትና የሆድ ቀለም ጻፉ። ጀርባው ምንም ይምሰል፤ ዓሣ ከሥር ነው የሚያየው። ጨረቃዋን የጨመርኩት በቪክቶሪያ ሐይቅ ከውሃው የሚነሡት ትንኞች የጨረቃን ዑደት ተከትለው እንደ ደመና እንደሚወጡ፣ የአካባቢው ሰውም ሰብስቦ እንደሚበላቸው ካነበብኩ በኋላ ነው።

የእኔ ደብተር ዛሬ ይህን ይላል። ነሐሴ ላይ ቤታችሁ ተቀመጡና ዝንብ እሠሩ። በመስከረም መጨረሻ ጽጌው ሲጀምር ወንዙ መጥራት ይጀምራል፤ ከጎርፍ በኋላ ቀድሞ የሚመለሰው አምስትና ስድስት ሚሊሜትር የሚሆነው ትንሹ ነጠላ ለባሽ ነው። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ያለው የእኔ ሰርግ ነው። በኅዳር ጠዋት ቴርሞሜትሬን ስነክር 13 ዲግሪ ያሳያል፤ እስከ ቀኑ 5 ሰዓት ምንም አይንቀሳቀስም፤ ቡናችሁን ጠጡ። ከ6 እስከ 8 ሰዓት ነጠላ ለባሹ ይፈላል። ከዚያ ጸጥ ይላል። ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ የጠራ ክንፍ ያላቸው ለመሞት ይመለሳሉ፣ ወዲያው ልብስ ሰፊው ይከተላል። ጥርና የካቲት ውሃው ቀንሶ እንደ መስታወት ስለሚጠራ ዓሣው ጥላችሁን አይቶ ይሸሻል፤ ተንበርክካችሁ አጥምዱ። በልግ ሲገባ ግን ዝናቡ በጣለ ማግስት፣ ፀሐይ ብቅ ስትል፣ ወንዙ ሙሉ በሙሉ ካልደፈረሰ ሩጡ። አሸኑ ይወጣል። ከመሬት የሚወጣ ቢሆንም ነፋስ ወደ ውሃው ያራግፈዋል፤ ያኔ ዓሣው መምረጡን ይረሳል። እንዲህ ያለ ቀን በዓመት ሁለት ሦስቴ ቢገጥመኝ ነው፤ በዚያን ቀን የደንበኛ ቀሚስ ቢዘገይ ይቅር በሉኝ እላለሁ።

የ2014 የኅዳር ገጽ ባዶ ነው። ለምን እንደሆነ ወሎዬ አይጠይቀኝም።

አሁን ዝንቧን እንሥራ። የመንጠቆ ቁጥር እንደ እጅ መርፌ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል፤ የስፌት መኪና መርፌ የለመዳችሁ እንዳትሳሳቱ። ለስድስት ሚሊሜትር ነፍሳት 18 ቁጥር፣ ለዘጠኝ ሚሊሜትር 14 ቁጥር እይዛለሁ። ቀጭኑን ክር በሰም አሻለሁ፤ በሰሙ ላይ ጥቂት የበግ ሱፍ አጣብቄ በጣቴ እያሾርኩ ሆዱን እጠመጥማለሁ። ሱፉ ያልታጠበ ይሁን፤ ቅባቱ ውሃ ቶሎ እንዳይጠጣ ያደርገዋል። አንገቱ ላይ የዶሮ ላባ በጎኑ ሦስት አራት ጊዜ ይዞራል። ለምትንሳፈፈው የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ፣ ምክንያቱም ደረቅና ጠንካራ ነው፤ ለምትሰምጠው የሴቷን፣ ምክንያቱም ለስላሳና ውሃ የሚጠጣ ነው።

ከቀለም ሁሉ የሚበልጠው ገብስማ ነው። ነጭና ግራጫው ስለተቀላቀለ ውሃው ላይ ሲቀመጥ የሚርገበገብ ክንፍ ይመስላል። ችግሩ ገብስማ ዶሮ በአገራችን ሌላ ዝና ያለው መሆኑ ነው። በአንድ እንቁጣጣሽ ጎረቤቶቼን እየዞርኩ «ገብስማ ካረዳችሁ አንገቱን አትጣሉብኝ» ብዬ ለምኜ ነበር። አንዲት እናቴ የሚሆኑ ጎረቤቴ በሩ ላይ አቁመውኝ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «አንተ፣ ከመቼ ወዲህ ነው ጠንቋይ ቤት መመላለስ የጀመርከው?» አሉኝ። «ኧረ እትዬ፣ ለዓሣ ነው!» ስላቸው ደግሞ ባሰ። «ዶሮ በላህ ሲሉኝ ዓሣ በላሁ አለ!» ብለው ለሠፈሩ አወሩ። አንድ ቀን ሱቄ ጠርቼ ፊታቸው አንዷን ሠርቼ አሳየኋቸው። ዛሬ ላባው ከእንቁጣጣሽና ከፋሲካ፣ ሱፉ ከአረፋ በግ ይመጣልኛል፤ እትዬም ገብስማውን ከወሰራው ለይተው በላስቲክ ይልኩልኛል።

የመጨረሻው አስተማሪ የዓሣው ሆድ ነው፤ ሌሎቹ ሁሉ ሲሳሳቱ የሚያርማችሁ እሱ ነው። አንድ የታኅሣሥ ማምሻ ሚሌ ላይ ልብስ ሰፊው እንደ ጉድ ይበራል፤ ውሃው በየቦታው ክብ ክብ ይሠራል። ድንኳን ክንፏን የምትመስል ዝንብ ጣልኩ። ዓሣዎቹ በአጠገቧ ያልፋሉ። ቀየርኩ፣ አሳነስኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ! ሊጨልም ሲል ነው ልብ ብዬ ያየሁት፤ ከውሃው በላይ አፍ አይወጣም፤ የሚታየው የጀርባ ክንፍ ብቻ ነው። ዓሣው አፉን ካወጣ ላዩ ላይ ያለውን እየበላ ነው፤ ጀርባውን ብቻ ካሳየ ግን ከገጹ ዝቅ ብሎ ነው የሚበላው። ክንፍ የሌላት፣ የሴት ዶሮ ላባ ያላትን ጣልኩ። ሦስተኛው ውርወራ ላይ ክሩ ተወጠረ።

ቤት ገብቼ ሆዱን ስከፍት ጥቁር ልቅላቂ ወጣ። ነጩ ሳህን ላይ ውሃ ጨምሬ በመርፌ እየለየሁ ቆጠርኩ፦ 41 ልብስ ሰፊ፣ ሁሉም ክንፋቸው ከቆዳቸው ሳይወጣ፣ ሊወጡ ሲያንጋጥጡ የተዋጡ። በአየር ላይ ሲበሩ ካየኋቸው አንድም የለም። ይህን ጽፌ ሳህኑን በሳሙና ሦስት ጊዜ አጥቤ፣ በፈላ ውሃ አለቅልቄ ጓዳ መለስኩት።

ባለቤቴ አንሥታ ወደ ሱቅ አመጣችልኝና ከክሮቹ አጠገብ አስቀመጠችው። እናንተ ገበያ ሂዱና የራሳችሁን ግዙ።